ዕውቀት ሲጨምር እግዚአብሔር ያንሳልን?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ ተስተካክሎ የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍሎች፦ መዝሙር 19፥1–6፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥1–20

 

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ አማኝ ቤት ውስጥ በዝምታ የተቀመጠ ጉዳይ ነው። ልጃችን በሰንበት ትምህርት ቤት አደገ፤ በመዘምራን ውስጥ አገለገለ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ሚዛን ቴፒ ይሁን ጅማ ወይም አዲስ አበባ። ለዕረፍት ሲመለስ በቤት ጸሎት ላይ ዝም ይላል። እናቱ፣ «ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» ስትለው፣ «ምንም አልሆንኩም እማዬ» ይላታል። በልቡ ግን እንዲህ እያለ ነው፦ «ክፍል ውስጥ የተማርኩትና ቸርች የሰማሁት አልገጥም አሉኝ። የቱን ልጣል?»

ለዚህ ልጅ ሦስት ዓይነት መልስ ይቀርብለታል። አንደኛው፣ «ሳይንሱን ጣል፤ የሰይጣን ነው» ይለዋል። ሁለተኛው፣ «እምነቱን ጣል፤ የድሮ ሰው ተረት ነው» ይለዋል። ሦስተኛው መልስ ግን ለስላሳ ነው። «አንዱንም አትጣል» ይለዋል። «ሳይንስ ስለ እውነተኛው ዓለም ይናገር፤ እምነትህ ደግሞ ስለ ልብህ ይናገር። ተአምራቱን እንደ ምሳሌ ውሰደው፤ ትንሣኤውንም እንደ ተስፋ መግለጫ ተመልከተው፤ ያን ጊዜ ማንም አይጣላህም።» ይህ ሦስተኛው መልስ ሊበራል ሥነ መለኮት የሚባለው ነው። የቤተ ክርስቲያን ልብስ ለብሶ፣ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ስለሚናገር፣ ዛሬ ረጋ ብለን እንመረምረዋለን።

ከገዛ ቡናችን እንጀምር

እስቲ መጀመሪያ ወደ ማሳችን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ እያጠቆረና እያበሰበሰ የሚያረግፍ በሽታ ነው። የዚያን ጊዜ አርሶ አደሮች ያስታውሱታል፤ ቅርንጫፉ ሙሉ ሆኖ ሲያስደስት የነበረ ቡና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባዶውን ይቀር ነበር። መድኃኒት መርጨት ደግሞ ለትንሽ ገበሬ አቅም የሚቻል አልነበረም።

ታዲያ ምን ተደረገ? በጅማ መልኮ የምርምር ማዕከል የነበሩ ባለሙያዎች ወደ ደቡብ ምዕራቡ ጫካ ገቡ። በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆኖ የቆመ የቡና ዛፍ ፈለጉ። ዘሩን ወሰዱ፣ ዘሩት፣ በሽታውን ሆን ብለው አስነክተው ፈተኑት፤ የጸናውን መረጡ። ዛሬ ከችግኝ ጣቢያ ስንወስድ በቁጥር የምንጠራቸው 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148 የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ የተገኙ ናቸው። መነሻው ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያንን በሽታ የመቋቋም ኃይል ማን በዛፉ ውስጥ አስቀመጠው? ተመራማሪው አልፈጠረውም፤ ፈልጎ አገኘው። በሽታው አገራችን ሳይገባ መፍትሔው ጫካ ውስጥ ቆሞ ነበር። እንግዲህ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ማወቃችን ምስጋናችንን ቀነሰው? እንዴ! ይልቁንስ አሳደገው እንጂ። የመዝሙር 111 ጸሐፊ በቁጥር 2 ላይ የእግዚአብሔር ሥራ ታላቅ እንደሆነና ደስ የሚሰኙበት ሁሉ እንደሚመረምሩት ይነግረናል። ማመስገንና መመርመር በአንድ ጥቅስ ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል።

ሌላም እንጨምር። በ2004 እና 2005 ዓ.ም. አካባቢ በሸካና በቤንች ብዙ ቤተሰብ ዝንጅብሉን በአጠውልግ በሽታ አጣ። እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ «ነገር ተደርጎብኝ ነው» ብሎ ጎረቤትን መጠርጠር ይቀላል። የዘርፉ ባለሙያዎች ግን መንስኤው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ መሆኑን፣ በዘር ዝንጅብል፣ በአፈርና በጎርፍ እንደሚተላለፍ አሳዩ። ተመልከቱ! ይህ ዕውቀት ንጹሕ ዘር መጠቀምን ብቻ አይደለም ያስተማረን። በጎረቤታችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክርም ጠበቀን። እውነተኛ ዕውቀት የፍቅር አገልጋይ መሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ፣ «ሳይንሱን ጣል» የሚለውን አንቀበልም። የፈጠረውም የሚያድነውም አንድ ጌታ ነው፤ ሁሉም በእርሱ ተያይዞ እንደቆመ ቆላስይስ 1፥17 ያስተምራል። የራሱን ሥራ መመርመር አያስቀይመውም።

ሦስተኛው መልስ ከየት መጣ?

በአውሮፓ ዕውቀት እየሰፋ ሲሄድ የተማሩ ሰዎች ሃይማኖትን መናቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1799 ፍሪድሪክ ሽላይርማኸር የተባለ የጀርመን ሰባኪ ለእነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ጻፈ። ፍሬ ሐሳቡ፣ የሃይማኖት ዋናው ነገር ስለ ዓለም የሚነገር እውነት ወይም ትእዛዝ ሳይሆን በሰው ውስጥ ያለ ስሜት ነው የሚል ነበር። እምነት በስሜት ውስጥ ከተቀመጠ ሳይንቲስቱ አይደርስበትም።

እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ሩዶልፍ ቡልትማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ የአዲስ ኪዳን ምሁር ነገሩን የበለጠ ገፋው። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ አምፖል የሚያበራ፣ ሬዲዮ የሚከፍት፣ ሲታመም ወደ ዘመናዊ ሕክምና የሚሄድ ሰው በአዲስ ኪዳን ያለውን የመናፍስትና የተአምራት ዓለም ሊያምን አይችልም። ስለዚህ ታሪኮቹን እንደተጻፉ ሳይሆን ለኑሯችን በሚሰጡት ትርጉም እንውሰዳቸው አለ።

ወገኖቼ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ አንቀልድ። ሐሳባቸው ወንጌልን ማጥፋት አልነበረም፤ ከተማረው ትውልድ ፊት ማዳን ነበር። ያነሡት ጥያቄም እውነተኛ ጥያቄ ነው። ጥያቄያችን የከፈሉት ዋጋ ላይ ነው። ሌባ ይወስድብኛል ብሎ የፈራ ሰው ቡናውን በነጻ ሰጥቶ ባዶ ጆንያ ታቅፎ ቢተኛ፣ ከሌባ ዳነ ይባላል?

አሁን ደግሞ ያ «ሊያምን አይችልም» የተባለው ሰው የት አለ? እናንተ ናችኋ! ይህን ቃል የምትሰሙት በሬዲዮ ነው። አምፖሉ ከራሳችሁ በላይ ይበራል፣ ሞባይላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ከእናንተም መካከል በቃልቻ ቤት ታስሮ ኖሮ በኢየሱስ ስም የተፈታ ስንት አለ! ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ማመኑ ብቻውን አንድን ነገር እውነት አያደርገውም። እኔ የምለው፣ «አይቻልም» የተባለው እየተቻለ ነው። ሬዲዮ ድምፅ በሞገድ እንዴት እንደሚጓዝ ያሳየናል፤ የጌታ መቃብር ባዶ መሆን አለመሆኑን ግን ሊነግረን አይችልም።

ትንሣኤ ምሳሌ አይደለም

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ለስላሳውን መልስ ዘግቶታል። ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችንም እምነታችንም ከንቱ ነው፣ እኛም የሐሰት ምስክሮች ነን ይላል። «ባይነሣም ትርጉሙ ያጽናናናል» አላለም። ከዚያ በፊት ያዩትን ሰዎች ይዘረዝራል፦ ኬፋን፣ አሥራ ሁለቱን፣ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወንድሞችን። ከእነዚህም ብዙዎቹ እስከዚያ ቀን በሕይወት እንዳሉ ይጨምራል። ሄዳችሁ ጠይቁ እንደማለት ነው።

«ግን ሳይንስ የሞተ ሰው አይነሣም ይላል» የሚል ይኖራል። ወንድሜ፣ የሞተ ሰው እንደማይነሣ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቶማስም ያውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው አላምንም ያለው። ዮሴፍም ሕፃን እንዴት እንደሚፀነስ ያውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ማርያምን በስውር ሊተዋት ያሰበው። የጥንት ሰዎች የተፈጥሮን ሥርዓት ስለማያውቁ አይደለም ያመኑት። ሥርዓቱን ስለሚያውቁ ነው የደነገጡት።

ሳይንስ የሚበረታው ደጋግሞ የሚሆነውን ነገር በመመርመር ነው። ዘር ይዘራል፣ ይፈተናል፣ እንደገና ይዘራል። አንድ ጊዜ ብቻ የሆነን ነገር ግን እንዴት እናውቃለን? በአገራችን የማሳ ድንበር ክርክር ሲነሣ ሽማግሌዎች ምን ያደርጋሉ? አፈሩን ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ? አይልኩም። ምስክር ይጠራሉ። ምስክሩ ማን ነው፣ ምን አየ፣ ቃሉ ከሌላው ምስክር ጋር ይስማማል፣ በመመስከሩ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል ብለው ይመረምራሉ። የቡና ቅምሻ ባለሙያ የቡናውን ጣዕምና ደረጃ በትክክል ይነግርሃል፤ አባትህ ማሳውን ለማን እንደተናዘዘ ግን አይነግርህም። ይህ የባለሙያው ጉድለት አይደለም፤ ጥያቄው ሌላ ስለሆነ ነው። የትንሣኤው ምስክሮች በመመስከራቸው ርስት አላገኙም፤ ግርፋትና እስር ነው ያገኙት። ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

ከገዛ አገራችን የተሰማ ድምፅ

የአገራችን ወንጌላውያን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። በ1955 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ማሠራጨት ጀመረ። ከወንጌል ስብከት ጋር ዜና፣ የጤናና የትምህርት ፕሮግራም ያስተላልፍ ነበር። ወንጌሉና ዕውቀቱ በአንድ ሞገድ ላይ ይሄዱ ነበር ማለት ነው።

በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ መሪዎች፣ ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ባሉበት፣ ለዚሁ ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፉ። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥርጭትና ለመሪዎች ሥልጠና ግን እጃቸው ያጥራል ሲሉ ጠየቁ። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈል፤ አገልግሎቱም ለሙሉው ሰው ይሁን አሉ። ደብዳቤው ስለ ሳይንስ ክርክር የተጻፈ አልነበረም። ግን በሽታውን ከሥሩ ነክቶታል። ሊበራል ሥነ መለኮት ምን አደረገ? የሚታየውን ዓለም ለሳይንስ፣ ስሜትን ለእምነት አካፈለ። ኢትዮጵያውያኑ ደግሞ፣ የእኛ ጌታ የክሊኒኩም የመድረኩም ጌታ ነው፣ አትክፈሉት አሉ።

ከዚያ የፈተናው ዘመን መጣ። ደርግ «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም» እያለ ሃይማኖትን የኋላ ቀርነት ቅሪት አድርጎ አስተማረ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ተወረሰ። በየቦታው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ምእመናን በየቤቱ በሹክሹክታ ጸለዩ። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አሁን እናስብ፦ እነዚያን ሰዎች በእስር ቤት ያቆማቸው ምን ነበር? «ትንሣኤ የተስፋ ምሳሌ ነው» የሚል ሐሳብ ነበር? ለምሳሌ ብሎ የሚሞት ሰው የለም። ሞትን ያሸነፈ ጌታ በእውነት ሕያው ነው ብለው ስላመኑ ነው የቆሙት።

ለቤተ ክርስቲያን የሚነገር ቃል

ወደ ሌላው ሰው ብቻ ጣት አንቀስር። ወጣቶች ወደ ለስላሳው መልስ የሚሄዱት አንዳንዴ እኛ ስለምንገፋቸው ነው።

ከእኛ በስተ ደቡብ፣ በኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1967 የጥንት ሰዎች አጽም ተገኘ። ተመራማሪዎች ዕድሜውን ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ያደርሱታል። ስለ ቡናችንም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት፣ አረቢካ ከሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅሎ የተገኘው ከ600 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው ይላል። ተማሪው ይህንን ክፍል ውስጥ ይሰማል። ቃሉን የእግዚአብሔር ቃል ብለው ከሚቀበሉ አማኞች መካከል የዘፍጥረት 1ን ቀናት እንደ ሃያ አራት ሰዓት የሚያነቡ አሉ፤ እንደ ረጅም ዘመን የሚያነቡም አሉ። ይህን ዛሬ በዚህች አጭር ሰዓት አንጨርሰውም። ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። «ይህን ቁጥር ከተቀበልክ ከክርስቶስ ወጥተሃል» ብንለው፣ ጌታ በወንጌል በር ላይ ያልሰቀለውን ቁልፍ ሰቀልንበት። በሌላ በኩል፣ «ቁጥሩ ይህ ነውና ፈጣሪ የለም» የሚል መምህር ቢኖር ከባዮሎጂ ወጥቶ ሌላ ስብከት ጀምሯል። እግዚአብሔር ፈጠረ፣ ሰውን በመልኩ ፈጠረ፣ ሰው በኃጢአት ወደቀ፣ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞቶ በአካል ተነሣ፤ ከዚህ ላይ አንዲት ነገር አንለቅም።

የሰሜን አፍሪካው አባት አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመታት በፊት ስለዚህ አስጠንቅቆ ነበር። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ምድር የማያውቀውን በድፍረት ሲናገር፣ የሚያውቀው ሰው ይስቅበታል፤ ከዚያም ስለ ትንሣኤ የምንነግረውን አይሰማንም የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በእኛ ዘመን የተነገረ አይመስልም?

ሌላው ከዚህ ይከብዳል፤ ሕይወት የሚጠፋበት ነውና። «ከተጸለየልህ መድኃኒትህን ጣል» የሚል ድምፅ በአንዳንድ መድረክ ይሰማል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የቲቢ መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች ይጎዳሉ፤ ይሞታሉም። ይህ እምነት አይደለም። በካፋ፣ በሸካና በቤንች በየመንደሩ በቁመት መለኪያ እንጨት እየተለካ የሚሰጠውን መክቲዛን ታውቁታላችሁ። ዓይን ከሚያጠፋውና ከፈጣን ወንዞች ዳር በጥቁር ዝንብ ከሚተላለፈው በሽታ ይጠብቀናል። መነሻው በጃፓን አፈር ውስጥ የተገኘ ረቂቅ ሕዋስ ነው። በአፈር ውስጥ የሕዝባችንን ዓይን የሚያድን ነገር ያስቀመጠው ማን ነው? ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም መክሮታል። እግዚአብሔር ያለ መድኃኒትም በመድኃኒትም ይፈውሳል። ሐኪሙ መርምሮ «አቁም» እስኪል ድረስ እየጸለያችሁ ዋጡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲጠይቅ «አፍህን ዝጋ» አትበሉት። «መልሱን አላውቀውም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት ነውር አይደለም። ጥያቄ ክህደት አይደለም። ጌታ ቶማስን አላባረረውም፤ ቁስሉን አሳየው።

እናንተ ሽማግሌዎችና መጋቢዎች፣ በአጥቢያችሁ ያሉትን የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ባለሙያዎችና መምህራን ለመባ ብቻ አትፈልጓቸው። ወጣቶችን ሰብስበው እንዲያስተምሩ ዕድል ስጧቸው። ነጭ ጋውን ለብሶ የሚጸልይ ሰው ማየት ለአንድ ተማሪ ከብዙ ክርክር ይበልጥበታል።

አንተ ወጣት፣ አንቺም እህቴ፣ ትምህርታችሁን በርትታችሁ ተማሩ። ማይክሮስኮፑ ሥር የምታዩት የአባታችሁን ሥራ ነው። የዘር ውርስን ሕግ በአተር ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ግሪጎር ሜንደል መነኩሴ ነበር፤ የሰውን የዘር መዝገብ ያነበበውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስም በክርስቶስ አማኝ ናቸው። ብቻችሁን አይደላችሁም። ነገር ግን «እምነትህን ትንሽ አሳንሰውና ኑር» የሚላችሁን ጠይቁት፦ የቀረልኝ ክርስቶስ ኃጢአቴን ይቅር ማለት ይችላል? በመቃብሬ ላይ ሥልጣን አለው? ካልቻለ ለምን ይጠቅመኛል?

ገና ጌታን ያላገኘህ ወዳጄ ደግሞ፣ ጥያቄዎችህ ሁሉ እስኪመለሱ አትጠብቅ። ምስክሮቹን መርምር፤ የዮሐንስን ወንጌል አንብብ፤ ሕያው ከሆነ ያናግርሃል። ዛሬም ኃጢአትህን ተናዘህ ብትጠራው ይሰማል።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ጫካውን፣ ቡናውንና ዝናቡን ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። የሚመረምሩትን እጆች ባርክ። በጥያቄ የተጨነቁ ልጆቻችንን አንተ ራስህ አግኛቸው፤ የታመሙትን ፈውስ። በእውነት የተነሣውን ልጅህን ሳናፍርበትና ሳናሳንሰው እንድንመሰክር እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።